የዊኪ ገጾችን ወደ ኢፐብ፣ ወደ ፒዲኤፍና ወደ ዎርድ የሚለውጥ መሣሪያ አሠራር

ከደብረ ማርቆስ ወይም ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ በሚገኝ ትምህርት ቤት የሚያስተምር መምህር በአማርኛ ዊኪፔዲያ ስለ ጣና ሐይቅ፣ ስለ ዓባይ ወይም ስለ ጎጃም ታሪክ የተጻፈውን ለተማሪዎቹ ማካፈል ቢፈልግ፣ ትልቁ ችግር ጽሑፉ ከኢንተርኔት ወጥቶ ተማሪው በእጁ ወደያዘው ነገር የሚደርስበት መንገድ መጥበቡ ነው። አንዱ ተማሪ የሚያነበው በስልክ ነው፤ ሌላው ስልክ ስለሌለው ከፎቶ ኮፒ ቤት የወጣ ወረቀት ያስፈልገዋል፤ መምህሩ ደግሞ ጽሑፉን አሳጥሮ የመልመጃ ጥያቄ ሊያክልበት ስለሚሻ በዎርድ ይፈልገዋል። ከዚህ በታች የሚቀርበው የተመረጡ የዊኪ ገጾችን ተቀብሎ ሦስቱንም ዓይነት ፋይል፣ ማለትም ለስልክ ኢፐብ የተባለውን የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ቅርጽ፣ ለወረቀት ፒዲኤፍ፣ ለማረም ዎርድ የሚያወጣ መሣሪያ ደረጃ በደረጃ የሚገነባበት መንገድ ነው። አንባቢው ፓይተን በመጠኑ የሚያውቅና ኤችቲኤምኤል ምን እንደሚመስል ያየ ሰው እንዲሆን ታስቧል።

ወደ ሥራው ከመግባት በፊት መሣሪያው በእርግጥ አስፈላጊ መሆኑን ማጣራት ይገባል። ፍላጎቱ መላውን ዊኪፔዲያ ያለ ኢንተርኔት ማንበብ ብቻ ከሆነ ኪዊክስ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ዚም በሚባል ፋይል ይህን አስቀድሞ ስለሚሠራ አዲስ ነገር መገንባት ድካም ማብዛት ነው። የራስ መሣሪያ የሚያስፈልገው ገጾቹን መርጦ፣ በትምህርቱ ቅደም ተከተል ደርድሮ እንደ አንድ መጽሐፍ ለማውጣት፣ ለማተም፣ ወይም ትምህርት ቤቱና ኮሌጁ በራሱ ኮምፒውተር ላይ የከፈተውን የውስጥ ዊኪ ወደ ሌላ ቅርጽ ለማዞር ሲታሰብ ነው።

ገጹን ከየት ማምጣት ይሻላል

ዊኪፔዲያና ሌሎች በርካታ ዊኪዎች የሚሠሩት ሚዲያዊኪ በተባለው ሶፍትዌር ሲሆን የአንድን ገጽ ይዘት ከእርሱ በሦስት መንገድ ማግኘት ይቻላል። አንደኛው አዘጋጆች የጻፉትን ጥሬ ጽሑፍ የዊኪ ምልክቶቹን እንደያዘ መውሰድ ነው። ሁለተኛው ሰርቨሩ ምልክቶቹን ተርጉሞ ያዘጋጀውን ኤችቲኤምኤል መጠየቅ ነው። ሦስተኛው ዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን በየጊዜው በኤክስኤምኤል የሚያወጣውን የመላውን ዊኪ ቅጂ ማውረድ ነው፤ ይህ ለቋንቋ ጥናት ወይም በሺህ የሚቆጠሩ ገጾችን ለሚነካ ሥራ ይበጃል እንጂ ለአንድ የመማሪያ መጽሐፍ አያስፈልግም።

ጥሬው ጽሑፍ ሲታይ ቀላል ይመስላል።

== ታሪክ ==
'''ደብረ ማርቆስ''' በ[[ጎጃም]] የምትገኝ ከተማ ስትሆን የቀድሞ ስሟ [[መንቆረር]] ነበር።

ድርብ የእኩል ምልክት ንኡስ ርእስን፣ ሦስት ነጠላ ትእምርተ ጥቅስ ደማቅ ፊደልን፣ ድርብ የማዕዘን ቅንፍ ሊንክን ያመለክታል። ይህን ያየ ሰው በጥቂት የመፈለግና የመተካት ሕጎች ሥራውን እጨርሳለሁ ብሎ ቢነሣ አያስደንቅም፤ እስከዚህ ድረስም ይሳካለታል። ነገሩ የሚከብደው መለጠፊያዎች ሲመጡ ነው። መለጠፊያ በድርብ ጥምዝ ቅንፍ ውስጥ የሚጻፍ፣ ራሱን የቻለ ሌላ ገጽ ጠርቶ ይዘቱን በቦታው የሚተካ ምልክት ነው። የተጠራው ገጽ ሌላ መለጠፊያ ሊጠራ ይችላል፤ «ይህ ዋጋ ከተሰጠ ይህን አሳይ፣ ካልተሰጠ ዝለል» የሚሉ ቅድመ ሁኔታዎችን ይይዛል፤ ከዚያም አልፎ ሉአ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ኮድ ሊያስሠራ ይችላል። ስለዚህ በአንድ ከተማ ገጽ ጎን ላይ የምናየው የሕዝብ ብዛትና የከፍታ መግለጫ ሣጥን በጥሬው ጽሑፍ ውስጥ ሲፈለግ የሚገኘው የመለጠፊያው ስምና ጥቂት ዋጋዎች ብቻ ናቸው። አንባቢው የሚያየው ሣጥን የሚሠራው ሰርቨሩ ላይ ነው። በዚህም ምክንያት ለዊኪፔዲያ ገጾች ሁለተኛውን መንገድ፣ ማለትም የተዘጋጀውን ኤችቲኤምኤል መጠየቅን አጥብቄ እመክራለሁ።

መለጠፊያ ለማይበዛበት የራስ ዊኪ ግን ጥሬው ጽሑፍ በቂ ነው። በዚህ ጊዜም ቢሆን አንዱ ቅንፍ በሌላው ውስጥ ስለሚገባ ተራ የመተካት ሕግ አይበቃም። ጽሑፉን ፊደል በፊደል እየተከተሉ፣ ቅንፍ በተከፈተ ቁጥር አንድ ደረጃ ወደ ውስጥ መግባትን፣ በተዘጋ ቁጥር አንድ ደረጃ መውጣትን የሚመዘግብ አሠራር ያስፈልጋል፤ መጨረሻ ላይ ደረጃው ወደ ዜሮ ካልተመለሰ በገጹ ውስጥ ያልተዘጋ ቅንፍ አለና መሣሪያው የገጹን ስም ጠቅሶ ማስጠንቀቅ አለበት። በአማርኛው ዊኪ «ስዕል»፣ «መደብ»ና «መለጠፊያ» የሚሉት ቅድመ ስሞች በእንግሊዝኛ አቻዎቻቸውም ስለሚጻፉ ሁለቱንም መቀበል ግድ ነው። ዝርዝሩን በእጅ ከመጻፍ ይልቅ ዊኪው ራሱ በኤፒአይ (ፕሮግራም ሰርቨሩን በቀጥታ በሚጠይቅበት በር) በኩል እንዲሰጥ መጠየቅ ይቻላል።

ኤፒአዩን መጠየቅ

የሚዲያዊኪ ኤፒአይ ለዚህ ሥራ የሚጠቅሙ ሁለት ትእዛዞች አሉት። «ፓርስ» የተባለው የአንድን ገጽ ኤችቲኤምኤል ይሰጣል፤ «ኩዌሪ» የተባለው ስለ ገጾች መረጃ ይሰጣል። ሁለቱም መልሱን ጄሰን በተባለው የመረጃ ማስቀመጫ ቅርጽ ሊመልሱ ይችላሉ፤ ፓይተን ጄሰንን ያለ ተጨማሪ ላይብረሪ ያነባል።

ኢንተርኔት በገንዘብም በጊዜም ውድ በሆነበት ቦታ የሁለቱን ትእዛዞች ልዩነት መጠቀም ብዙ ያተርፋል። ፓርስ በአንድ ጥያቄ የሚሰጠው አንድ ገጽ ነው፤ ኩዌሪ ግን ለተራ ተጠቃሚ በአንድ ጥያቄ እስከ 50 ርእሶች ይቀበላል። እያንዳንዱ የዊኪ ገጽ በተስተካከለ ቁጥር አዲስ የእትም ቁጥር ስለሚያገኝ፣ መሣሪያው በመጀመሪያ የ50ዎቹን ገጾች የቅርብ እትም ቁጥር በአንድ ኩዌሪ ይጠይቅ፤ ቁጥሩ ቀድሞ በላፕቶፑ ላይ ከተቀመጠው ጋር አንድ ከሆነ ገጹን እንደገና አያውርድ። ባሕር ዳር ላይ ጥሩ ኔትወርክ ሲገኝ የወረደው ቅጂ ሞጣ ወይም ቢቸና ላይ ኔትወርክ በሌለበት እንዲሠራ፣ የማውረዱና የመለወጡ ሥራ በሁለት የተለያዩ ትእዛዞች መከፈል አለበት። የመጀመሪያው ትእዛዝ ያወርዳል፣ በፎልደር ያስቀምጣል፤ ሁለተኛው ከፎልደሩ ብቻ ያነባል፣ ወደ ኢንተርኔት ፈጽሞ አይሄድም።

ሰርቨሩን በሚጠይቁበት ጊዜ የሚጠበቁ የአክብሮት ደንቦች አሉ። እያንዳንዱ ጥያቄ የመሣሪያውን ስምና የባለቤቱን መገኛ አድራሻ ጠያቂውን ፕሮግራም በሚያስተዋውቀው የዩዘር ኤጀንት መስመር ውስጥ መያዝ አለበት፤ ዊኪሚዲያ ማንነቱን የማይገልጽ ፕሮግራምን ሊያግድ ይችላል። ጥያቄዎች አንዱ ሲያልቅ ሌላው እየተከተለ እንጂ በአንድ ጊዜ በብዛት አይላኩም። ሰርቨሩ ስሕተት ከመለሰ ወዲያው ደግሞ ከመጠየቅ ቆም ብሎ፣ የሚቆይበትን ጊዜ በየሙከራው እያሳደጉ መጠበቅ ተገቢ ነው።

ተጠቃሚው ለመሣሪያው የሚሰጠው ነገር ቀላል የጽሑፍ ፋይል ይሁን፤ በእያንዳንዱ መስመር አንድ የገጽ ርእስ።

ጣና ሐይቅ
ዓባይ
ደብረ ማርቆስ
ጎጃም

የመስመሮቹ ቅደም ተከተል የመጽሐፉ ምዕራፎች ቅደም ተከተል ይሆናል። መምህሩ ከዚህ የበለጠ ነገር እንዲያውቅ መገደድ የለበትም።

የመካከለኛው ዛፍ

የመሣሪያው ልብ ይህ ነው፤ ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጠውም ይገባል። ከኤችቲኤምኤል በቀጥታ ኢፐብ የሚጽፍ፣ ሌላ ከኤችቲኤምኤል በቀጥታ ዎርድ የሚጽፍ፣ ደግሞ ሌላ ከጥሬ የዊኪ ጽሑፍ በቀጥታ ፒዲኤፍ የሚያወጣ ኮድ መጻፍ የሚጀምር ሰው ብዙም ሳይቆይ አንዱን ጉድለት በየቦታው ሲጠግን ይውላል። ሦስት ዓይነት መነሻና አምስት ዓይነት መድረሻ ቢኖር በቀጥታው መንገድ 15 መለወጫዎች ያስፈልጋሉ፤ ሁሉም መነሻዎች ወደ አንድ መካከለኛ ቅርጽ ቢገቡና ሁሉም መድረሻዎች ከዚያው ቢወጡ ግን 8 ይበቃሉ። ጆን ማክፋርሌን የተባለው የፍልስፍና ፕሮፌሰር በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፓንዶክ የተባለ ነፃ የሰነድ መለወጫ የቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው።

መካከለኛው ቅርጽ ዛፍ ነው። ሥሩ ገጹ ነው፤ ቅርንጫፎቹ ርእስ፣ አንቀጽ፣ ዝርዝር፣ ሠንጠረዥ፣ ምስል፣ ግጥምና የግርጌ ማስታወሻ ናቸው፤ በአንቀጽ ውስጥ ደግሞ ተራ ጽሑፍ፣ አጽንዖትና ሊንክ ይገኛሉ። በፓይተን ለእያንዳንዱ ዓይነት አንድ ትንሽ ክላስ መጻፍ በቂ ነው። ወሳኙ ነገር ዛፉ ስለ መልክ ምንም እንዳይናገር መጠበቅ ነው፤ የፊደል መጠን፣ ቀለምና የመስመር ርቀት የእርሱ ጉዳይ አይደሉም። በዲማ ጊዮርጊስ ወይም በመርጡለ ማርያም ያሉትን የብራና መጻሕፍት ያየ ሰው ጸሐፊው የቅዱሳንን ስምና የክፍል መክፈቻን በቀይ ቀለም እንደሚጽፍ ያውቃል፤ መጽሐፉ ዛሬ በጥቁር ብቻ የሚያትም ማተሚያ ቤት ቢገባ ቀዩ ቀለም ቢቀርም «ይህ የቅዱስ ስም ነው» የሚለው ፍቺ ተጠብቆ በሌላ መንገድ መታየት ይኖርበታል። ዛፉ የሚይዘው ያንን ፍቺ ነው፤ እንዴት እንደሚታይ የሚወስነው በመጨረሻ ፋይሉን የሚጽፈው ክፍል ነው።

ኤችቲኤምኤሉን ወደ ዛፍ ለመለወጥ እንደ ቢዩቲፉል ሱፕ ያለ የፓይተን ላይብረሪ መጠቀም ይቻላል። ከመለወጥ በፊት ገጹ ላይ ያሉ ለመጽሐፍ የማይሆኑ ነገሮች ይወገዳሉ፤ እነርሱም በየንኡስ ርእሱ አጠገብ ያለው የማስተካከያ ሊንክ፣ በገጹ ግርጌ የሚቀመጡ የማሰሻ ሣጥኖች፣ «ይህ ጽሑፍ ገና አጭር ነው» የሚል ዓይነት ማሳሰቢያና ዊኪው ራሱ ያዘጋጀው ማውጫ ናቸው። ማውጫውን መሣሪያው ከዛፉ በራሱ ስለሚሠራ የዊኪው አያስፈልግም። የሚወገዱትን ነገሮች ዝርዝር በኮዱ ውስጥ ከመቅበር ይልቅ በተለየ የማስተካከያ ፋይል ማስቀመጥ ይመረጣል፤ አንዱ ዊኪ የሚጠቀምበት የክፍል ስም ከሌላው ይለያልና።

ሊንኮች ሦስት ዕጣ አላቸው። የሚያመለክቱት ገጽ በመጽሐፉ ውስጥ ካለ ወደዚያው ምዕራፍ የሚያደርስ የውስጥ ሊንክ ይሆናሉ፤ ገና ያልተጻፈ ገጽን የሚያመለክቱት ቀይ ሊንኮች ተራ ጽሑፍ ይሆናሉ፤ የቀሩት እንደ ተጠቃሚው ምርጫ ወይ ወደ ኢንተርኔት ያመለክታሉ ወይ ተራ ጽሑፍ ይሆናሉ። ለዚህ ፍርድ የገጾችን መምሪያ መንገድ፣ ማለትም አንዱ ስም ወደ ሌላ ገጽ የሚያሻግርበትን ማወቅ ያስፈልጋል። መንቆረር የሚለው ሊንክ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ አባይ በአልፋው አ የተጻፈው በዐይኑ ዓ ወደተጻፈው ሊያመራ ይችላል፤ ኩዌሪ የትኛው ስም ወዴት እንደሚመራ አብሮ እንዲነግር ስለሚጠየቅ መልሱን በአንድ ሠንጠረዥ መዝግቦ እያንዳንዱን ሊንክ በዚያ ማሳለፍ ነው።

ለአማርኛ የግድ የሚያስፈልጉ ጥንቃቄዎች

በሌላ ቋንቋ ተሠርተው በነፃ የሚገኙ መለወጫዎች በአማርኛ ገጽ ላይ ሲሞከሩ የሚያበላሹት ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ክፍል ይወድቃል።

ከሁሉ የሚቀድመው የቃል መገናኛ ነው። አማርኛ መስተዋድድን ከፊት፣ የተሳቢ ምልክትንና አያያዥን ከኋላ ከቃሉ ጋር አጣብቆ ይጽፋል። የዊኪ አዘጋጅ በ[[ጎጃም]] ወይም [[ባሕር ዳር]]ን ብሎ ሲጽፍ በኤችቲኤምኤሉ ውስጥ «በ» ከሊንኩ ውጭ፣ «ጎጃም» ከሊንኩ ውስጥ ይሆናሉ። ጽሑፉን የሚሰበስበው ኮድ ቁርጥራጮቹን በባዶ ቦታ የሚያገናኝ ከሆነ «በ ጎጃም»፣ «ባሕር ዳር ን» የሚል የተሰባበረ ጽሑፍ ይወጣል። ብዙ ምሳሌዎች ላይ ቁርጥራጮችን በባዶ ቦታ ማገናኘት እንደ ጥሩ ልማድ ስለሚታይ ይህ ስሕተት እጅግ የተለመደ ነው። ደንቡ ግልጽ ነው፦ በአንቀጽ ውስጥ ያሉ ቁርጥራጮች ያለ ምንም ጭማሪ ይገናኙ፤ ባዶ ቦታ የሚኖረው ምንጩ ላይ ካለ ብቻ ነው። በአንቀጾችና በሠንጠረዥ ሕዋሶች መካከል ግን መለያየት መኖር አለበት።

ቀጥሎ የሚመጣው ሥርዓተ ነጥብ ነው። በርካታ ጸሐፊዎች አራት ነጥብን ራሱን በቻለው ፊደል (።) ፈንታ ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ (፡፡) በመምታት ይጽፉታል። በዓይን ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፤ ዓረፍተ ነገር የሚቆጥር ወይም የሚፈልግ ፕሮግራምም ይሳሳታል። መሣሪያው ሁለት ተከታታይ ሁለት ነጥቦችን ወደ አንድ አራት ነጥብ ቢለውጥ መልካም ነው። ይህ ግን ተጠቃሚው ሊያጠፋው የሚችል ምርጫ ሆኖ፣ በጥቅስነት የገባ የቆየ ጽሑፍን ሳይነካ መሠራት አለበት።

ከዚህ አልፎ ሆሄያትን «ማረም» ግን አይገባም። ሀ፣ ሐና ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ በዛሬው አማርኛ በድምፅ አንድ ቢሆኑም አጻጻፉን የመረጠው ጸሐፊው ነው፤ በግእዝ ጥቅስ ውስጥ ደግሞ የአንዱ በሌላው መተካት ፍቺ ይለውጣል። አንድ ማድረግ የሚጠቅመው ለፍለጋ ማውጫ ብቻ ነው፦ ተማሪው «አባይ» ብሎ ሲፈልግ «ዓባይ»ን እንዲያገኝ ማውጫው በሚዘጋጅበት ጊዜ የፍለጋ ቁልፉ ወደ አንድ ሆሄ ይመለሳል፤ የሚታየው ጽሑፍ እንደተጻፈ ይቀራል።

የግእዝ ፊደል ለየቋንቋው ሆሄ የኮምፒውተር ቁጥር ወደሚሰጠው ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። ዋናው ክልል ከ4608 እስከ 4991 ባሉት ቁጥሮች ውስጥ 384 ቦታዎችን ይይዛል፤ ቅደም ተከተሉም በጥቅሉ የሀ ሁ ገበታን ስለሚከተል የርእሶች ማውጫን በፊደል ተራ ለመደርደር የፓይተን ተራ ድርደራ ይበቃል። ተጨማሪ ክልሎችም ስላሉ በአዊ የሚነገረውን አውንጂ ወይም ሌላ በግእዝ ፊደል የሚጻፍ ቋንቋ የያዘ ገጽ ሲመጣ ፊደሉ እንዳይጣል፣ ኮዱ ስለ ፊደል ሲጠይቅ ዋናውን ክልል ብቻ ማየት የለበትም።

ዩኒኮድን በፋይል ለማስቀመጥ በተለመደው ዩቲኤፍ-8 በዋናው ክልል ያለ እያንዳንዱ የግእዝ ሆሄ ሦስት ባይት ይወስዳል። ይህ የሚያሳስበው በፋይል ስም ላይ ነው። በሊኑክስ ላይ የተለመደው የፋይል ሥርዓት ለአንድ ስም የሚፈቅደው 255 ባይት ስለሆነ ከ85 ሆሄ በላይ የሆነ ስም አይቀበልም፤ በኢንተርኔት አድራሻ ውስጥ ደግሞ አንዱ ሆሄ ወደ ዘጠኝ ምልክቶች ይዘረዘራል። ስለዚህ የውስጥ ፋይሎችን በገጽ ርእስ መሰየም ትቶ በተራ ቁጥር መሰየምና ርእሱን በማውጫው ውስጥ ማስቀመጥ የሚሻል ይመስለኛል። የመጨረሻው፣ ሰው የሚያየው ፋይል ግን አማርኛ ስም ይገባዋል።

አጽንዖትም ውሳኔ ይፈልጋል። ዊኪው ያዘመመ ፊደል የሚያሳይባቸውን ቦታዎች በአማርኛም እንዲያው ማዝመም አይመከርም። የግእዝ ፊደል በባሕሉ ያዘመመ ቅርጽ የለውም፤ ፕሮግራሙ ፊደሉን በግድ ስለሚያጋድለው በትናንሽ ስልኮች ላይ ለማንበብ ያስቸግራል። በዛፉ ውስጥ «አጽንዖት» ተብሎ የተመዘገበውን በደማቅ ፊደል፣ የሥራ ርእስ ከሆነ በትእምርተ ጥቅስ ማውጣት የተሻለ ነው።

ቅኔና ግጥም የያዙ ገጾች የመስመር ስብራታቸው መጠበቅ አለበት። ዋሸራንና ዲማን የመሰሉ የቅኔ ቤቶች ባሉበት አገር ለሚዘጋጅ መጽሐፍ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ቤቱ የት እንደሚያልቅ ያልታወቀ ጉባኤ ቃና እንደ ተራ ዓረፍተ ነገር ተያይዞ ቢወጣ ተማሪው ቤት መምታቱን ሊያይ አይችልም። በዛፉ ውስጥ ግጥም ከአንቀጽ የተለየ ዓይነት እንዲሆን ከላይ የተጠቀሰው ለዚህ ነው።

ሦስቱን ፋይሎች መጻፍ

ኢፐብ በውስጡ ሲታይ የድረ ገጽ ፋይሎችን የያዘ ዚፕ ነው። የፋይሉን ዓይነት የሚናገረው አጭር ፋይል በዚፑ ውስጥ የመጀመሪያው ሆኖ ሳይታመቅ መቀመጥ አለበት፤ ይህ ካልተጠበቀ አንዳንድ ማንበቢያዎች መጽሐፉን አይከፍቱም። ለእያንዳንዱ ገጽ አንድ ምዕራፍ፣ ለሁሉም አንድ የማሰሻ ማውጫ ይዘጋጃል። የመጽሐፉ ቋንቋ አማርኛ መሆኑ በመግለጫው ውስጥ መመዝገብ አለበት። ከሁሉ በላይ ግን ፎንቱን በመጽሐፉ ውስጥ ማካተት አይዘንጋ፤ የግእዝ ፊደል በሌለው ማንበቢያ ላይ ጽሑፉ ሁሉ ባዶ ሣጥን ሆኖ ይታያል። ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ኤስአይኤል በነፃ የፎንት ፈቃድ ስለወጡ ከመጽሐፍ ጋር ማከፋፈል ይፈቀዳል። መስመሮቹ እንዳይተፋፈጉ የመስመሩን ርቀት ከተለመደው ሰፋ ማድረግ ይገባል። ሲጨርሱ ፋይሉን ኢፐብቼክ በተባለው ነፃ መመርመሪያ ያሳልፉ፤ የሚጠቁመውን ስሕተት ሁሉ እስኪያጠሩ ድረስም ለማንም አይስጡ።

ስልክ ላይ ሰፊ ሠንጠረዥ አይነበብም። ሁለት ዓምድ ብቻ ያለው የመግለጫ ሣጥን «ከፍታ፦»፣ «ዞን፦» እየተባለ ወደ ዝርዝር ቢመለስ ምንም ሳይጠፋ ይነበባል። ከአራት ዓምድ በላይ ያለውን ግን በኢፐብ እንዳለ አስቀምጦ በፒዲኤፍ ገጹን አግድም ማዞር ይሻላል። ምስሎችን በተመለከተ ለስልክ 800 ፒክስል ስፋት በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ የሆነው ፋይሉን ስለሚያከብደው በብሉቱዝ ወይም በፍላሽ ሲተላለፍ ጊዜ ይበላል።

ለፒዲኤፍ ሁለት ጥሩ መንገዶች አሉ። ዊዚፕሪንት የተባለው የፓይተን ፕሮግራም ኤችቲኤምኤልንና የቅርጽ መግለጫውን ተቀብሎ በቀጥታ ፒዲኤፍ ያወጣል፤ ለዚህ ሥራ የምመርጠው እርሱን ነው። ሌላው በፓንዶክ በኩል ላቴክ ወደተባለው የመጽሐፍ ገጽ ማቀናበሪያ ማለፍ ሲሆን በዚያ መንገድ የግእዝ ፊደልን በዩኒኮድ የሚቀበሉትን ዜላቴክን ወይም ሉአላቴክን መምረጥና የፎንቱን ስም በግልጽ መስጠት ያስፈልጋል። በሁለቱም የወረቀቱን መጠን ኤ4 ብለው ራስዎ ይግለጹ። የሚታተመው በፎቶ ኮፒ ስለሆነ በግራ በኩል ለመጠረዣ የሚሆን ሰፋ ያለ ኅዳግ ይተዉ፤ በቀለም ብቻ የሚለይ ነገር በጥቁርና ነጭ እንደሚጠፋም ያስቡ። በወረቀት ላይ ሊንክ አይጫንም፤ ወደ ሌላ ምዕራፍ የሚያመለክተው ሊንክ «ገጽ 14ን ይመልከቱ» ወደሚል ይለወጥ።

ዎርዱ ቀላል ነው። ፓንዶክ የእርስዎን ዛፍ በኤችቲኤምኤል ተቀብሎ የዎርድ ፋይል ያወጣል፤ የርእሱና የአንቀጹ ቅጥ አስቀድሞ የተስተካከለበት አንድ ናሙና ፋይል ከተሰጠው ያንኑ ይከተላል። መምህሩ ርእሶቹን በቅጥ ስም የተለዩ ሆነው ስለሚያገኛቸው መልካቸውን በአንድ ጊዜ ሊለውጥ ይችላል።

የጸሐፊዎቹ መብት

የዊኪፔዲያ ጽሑፍ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በክሪኤቲቭ ኮመንስ የባለቤትነት ማሳወቂያና በተመሳሳይ ማጋራት ፈቃድ፣ እትም 4.0 ሥር ይቀርባል። ማንም ሰው ሊገለብጠው፣ ሊያትመውና ሊሸጠውም ይችላል፤ ነገር ግን ምንጩን መጥቀስ፣ ለውጥ ከተደረገ ማሳወቅና የተገኘውን ሥራ በዚያው ፈቃድ ማከፋፈል ይገደዳል። ይህን ለተጠቃሚው ማስታወስ መተው አይገባም፤ መሣሪያው ራሱ በመጽሐፉ መጨረሻ አንድ ምዕራፍ ጨምሮ የእያንዳንዱን ገጽ ርእስ፣ አድራሻ፣ የእትም ቁጥርና የወረደበትን ቀን መዘርዘር አለበት። ቀኑ በኢትዮጵያ ወይም በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑ ይገለጽ። የእትም ቁጥሩ ካለ ማንም ሰው የገጹን ታሪክ ከፍቶ እነማን እንደጻፉት ማየት ይችላል። ምስሎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ፈቃድ ስላላቸው የአንሺው ስምና የፈቃዱ ዓይነት ለብቻ ይጠየቃል፤ ፈቃዱ ያልታወቀ ምስል በመጽሐፉ ውስጥ አይግባ።

ሥራውን መፈተሽ

እጅግ የሚጠቅመው ፈተና ቀላል ነው። ዛፉ ሲሠራ በውስጡ ያሉት የግእዝ ሆሄዎች ይቆጠሩ፤ ፋይሉ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ከውጤቱ ውስጥ ጽሑፉ እንደገና ወጥቶ ይቆጠር። ማውጫውንና መሣሪያው የጨመራቸውን ሐረጎች ከቀነሱ በኋላ ሁለቱ ቁጥሮች መስማማት አለባቸው፤ ከጎደለ የሆነ ቦታ ላይ አንቀጽ፣ ሕዋስ ወይም የግርጌ ማስታወሻ ተጥሏል ማለት ነው። ከዛፉ በፊት ሆን ተብሎ የተወገደውም በስምና በቁጥር ይመዝገብ፤ መጠኑ ድንገት ካደገ የማስወገጃው ዝርዝር ዋናውን ጽሑፍ መቁረጥ ጀምሯል። ቆጠራ የቃላትን መሰባበር ስለማያሳይ፣ ብቻቸውን የቆሙ «በ»፣ «ን»ና «ም» በውጤቱ ውስጥ ካሉ የሚለቅም ሌላ ፈተና ይጨመር።

ለዘለቄታው ጥቂት የተመረጡ ገጾች በፎልደር ይቀመጡ፦ ሰፊ ሠንጠረዥ ያለበት አንድ፣ ግጥም ያለበት አንድ፣ የግርጌ ማስታወሻ የበዛበት አንድ፣ ባዶ ሊባል የሚችል አጭር አንድ። የእነዚህ ትክክለኛ ውጤት በሰው ዓይን ተመርምሮ ከጸደቀ በኋላ ይቀመጥና ኮዱ በተነካ ቁጥር አዲሱ ውጤት ከጸደቀው ጋር ይነጻጸር። ኢፐቡን በላፕቶፕ ላይ ብቻ አይተው አይርኩ፤ ተማሪዎቹ የሚይዙትን ዓይነት አነስተኛ ስልክ ላይ ይክፈቱት፣ ፊደሉን አተልቀው ያንብቡት፣ ከአንድ ምዕራፍ ወደ ሌላ በሊንኩ ይለፉ።

መጽሐፉ ተማሪዎች እጅ ከገባ በኋላ አንድ መምህር የቁጥር ወይም የስም ስሕተት ማግኘቱ አይቀርም። ያን ጊዜ የወጣውን ፋይል ከማረም ይልቅ ዊኪው ላይ ገብቶ ገጹን ማረምና ማስረጃውን እዚያው መጥቀስ ያስፈልጋል። በሚቀጥለው ጊዜ የማውረጃው ትእዛዝ ሲሰጥ የእትም ቁጥሩ ስለተለወጠ መሣሪያው ያንን ገጽ ብቻ አምጥቶ ሦስቱንም ፋይሎች እንደገና ያወጣል።